ዋሎዲ ዌይቡል፦ የብረትን ድካም በቁጥር ያሳየ መሐንዲስ

የጅቡቲ ከተማ ኑሮ በብረት ላይ የተመሠረተ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ ወደቧ የሚጠጉት መርከቦች አካላቸው ብረት ነው፤ መልሕቃቸውን የሚይዘው ሰንሰለት ብረት ነው፤ ጭነታቸውን የሚያወርደው የክሬን ገመድ ከቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደ ነው። ከወደቡ ተነሥቶ በረሃውን እያቋረጠ ወደ ኢትዮጵያ የሚዘልቀው የምድር ባቡርም በብረት ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት የተሠራው የቀድሞው የባቡር መሥመር በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት የነበረው ይህ መሥመር በእያንዳንዱ ሜትሩ የብረትን ጥንካሬ አምኖ የተዘረጋ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ እምነት አንድ ከባድ ጥያቄ ያዘለ ነው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ እቶን፣ በአንድ ባለሙያ እጅ የተሠሩ ሁለት የብረት ቁራጮች በመልክም በክብደትም አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በላያቸው ላይ እያደገ የሚሄድ ሸክም ቢጫን እኩል አይሰበሩም። አንደኛው ቀደም ብሎ ይሰበራል፤ ሌላኛው ብዙ ይታገሣል። ከሁለቱ የትኛው ደካማ እንደሆነ በዓይን ዓይቶ ለመለየት አይቻልም። እንግዲህ የሰው ሕይወት የተሸከመ ድልድይ፣ መርከብ ወይም ሐዲድ የሚሠራ መሐንዲስ በምን ሊተማመን ይችላል? ለዚህ ጥያቄ በስሌት የተደገፈ መልስ ለማግኘት ከደከሙት ሊቃውንት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ስዊድናዊው ዋሎዲ ዌይቡል ነው።

ዋሎዲ ዌይቡል ሰኔ 18 ቀን 1887 በደቡብ ስዊድን፣ በስኮኔ አውራጃ፣ ቪትስኮቭሌ በተባለች መንደር ተወለደ። የጅቡቲው የባቡር መሥመር ሥራ ሲጀመር እርሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። በዚያን ዘመን ዓለም በብረት ሥራ ተጥለቅልቃ ነበር። በየአህጉሩ ሐዲድ ይዘረጋል፤ ከእንጨት ይሠራ የነበረው መርከብ በብረት ይተካል፤ ድልድዩና ሕንፃው ሁሉ በብረት ይዋቀራል። የዚያ ትውልድ ወጣቶች ለምሕንድስና ሙያ ልዩ ፍቅር ያደረባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ዌይቡል በ1904፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ በስዊድን የባሕር ጠረፍ ጦር ውስጥ በዕጩ መኮንንነት ተቀጠረ። በ1907 ምክትል የመቶ አለቃ፣ በ1916 ደግሞ ሻምበል ሆነ። የውትድርና አገልግሎቱ ከትምህርት አላራቀውም። በሥራው ላይ እንዳለ በስቶክሆልም በሚገኘው ንጉሣዊ የቴክኖሎጂ ተቋም ትምህርቱን ይከታተል ነበር። በ1914 የመጀመሪያውን የምርምር ጽሑፉን አወጣ፤ ጽሑፉም የፍንዳታ ሞገድ እንዴት እንደሚጓዝ የሚመረምር ነበር። ወታደር እንደመሆኑ የፍንዳታን ኃይል በቅርብ ያውቀዋል፤ ተማሪ እንደመሆኑ ደግሞ ያንን ኃይል በመለኪያና በቀመር ለመግለጽ ይጥር ነበር። ይህ ነገርን በእጅ ሞክሮ በቁጥር የመግለጽ ልማድ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

በ1924 ትምህርቱን አጠናቅቆ በዚያው በተማረበት ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ። በ1932፣ በ45 ዓመቱ፣ ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን በስዊድንና በጀርመን አገር ለሚገኙ ኢንዱስትሪዎች የምሕንድስና አማካሪ ሆኖ ሠርቷል። በዚህ የተነሣ የትምህርት ቤቱን ቀመርና የፋብሪካውን ችግር ጎን ለጎን ለማየት ቻለ። ያየውም ነገር እንቅልፍ የሚነሣ ነበር።

በዚያን ጊዜ የነበሩ መሐንዲሶች የአንድን ብረት ጥንካሬ ለማወቅ ሲፈልጉ ከብረቱ ጥቂት ናሙና ቆርጠው በመፈተኛ መኪና እየሳቡ ይሰብሩት ነበር። ውጤቱ ከናሙና ናሙና ይለያያል። እነርሱም አማካዩን ወስደው የብረቱ ጥንካሬ ይህ ነው ይላሉ፤ ልዩነቱን ግን የመለኪያ ስሕተት ወይም የሠራተኛ ጉድለት አድርገው ይተዉታል። ከዚያም ለጥንቃቄ ሲሉ ብረቱን ከአስፈላጊው በላይ ያወፍሩታል። ምን ያህል ቢወፍር እንደሚበቃ ግን የሚወስኑት ባመዛኙ በልምድና በግምት ነበር። ግምቱ ሲበዛ ሀብት ይባክናል፤ ሲያንስ ሰው ያልቃል።

ዌይቡል ከዚህ አስተሳሰብ ተለየ። ልዩነቱ ስሕተት አይደለም፤ የቁሱ ተፈጥሮ ነው ብሎ ተነሣ። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ግሪፊዝ በ1921 ባወጣው ጽሑፍ መስተዋት ከሚጠበቅበት ኃይል እጅግ ባነሰ ኃይል የሚሰበረው በውስጡና በገጹ ላይ ባሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ምክንያት መሆኑን አስረድቶ ነበር። እነዚህ እንከኖች በቁሱ ውስጥ እንደ ዘር የተበተኑ ናቸው። አንዱ ናሙና ትልቅ እንከን ይደርሰዋል፤ ሌላው ትንሽ እንከን ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ የአንድ ቁስ ጥንካሬ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከደካማው እስከ ብርቱው የተዘረጋ ስርጭት ነው። ስርጭትን የሚያጠናው ትምህርት ደግሞ ስታቲስቲክስ ነው።

ሐሳቡን ለመረዳት የመልሕቅን ሰንሰለት መመልከት ይበቃል። ሰንሰለት የሚበጠሰው ከቀለበቶቹ ሁሉ ደካማው ሲበጠስ ነው። የቀሩት ቀለበቶች ምንም ያህል ብርቱ ቢሆኑ ሰንሰለቱን ሊያድኑት አይችሉም። አንድ ቀለበት የተሰጠውን ሸክም የመቻል ዕድሉ ከ100 99 ነው እንበል። እንዲህ ያሉ 10 ቀለበቶች የተያያዙበት ሰንሰለት ሸክሙን የመቻል ዕድሉ ከ100 ወደ 90 ገደማ ይወርዳል። ቀለበቶቹ 100 ሲሆኑ ደግሞ ዕድሉ ከ100 37 ገደማ ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ቀለበት እጅግ አስተማማኝ ቢመስልም ረጅሙ ሰንሰለት ግን ከመትረፍ ይልቅ ለመበጠስ የቀረበ ነው።

አበው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆነው ክሮቹ ጎን ለጎን ሆነው ሸክሙን ሲካፈሉ ነው፤ አንዱ ክር ቢላላ ሌላው ይረዳዋልና። በሰንሰለት ግን ቀለበቶቹ የሚያያዙት አንዱ ከሌላው ኋላ ስለሆነ እያንዳንዱ ሙሉውን ሸክም ብቻውን ይሸከማል። ከአረብ ብረት የተሠራ ዕቃ እንደ ድር ወይም እንደ ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። ብረቱ ተለጣጭ ሲሆን በእንከኑ አካባቢ ጥቂት ይሳባል፤ ሸክሙንም ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ ከመሰበሩ በፊትም ጎብጦ ወይም ተለጥጦ ያስጠነቅቃል። ተሰባሪ ሲሆን ግን መካፈል የለም። ከደካማው ነጥብ የተነሣ ስንጥቅ በቅጽበት ሮጦ ዕቃውን ለሁለት ይከፍለዋል።

ዌይቡል ይህን የሰንሰለት ሐሳብ ወደ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ አሳድጎ የቁሶችን ጥንካሬ በስታቲስቲክስ የሚያስረዳ ጽሑፉን በ1939፣ በ52 ዓመቱ፣ በስዊድን ንጉሣዊ የምሕንድስና ሳይንስ አካዳሚ አማካይነት አሳተመ። በቀመሩ ውስጥ የአንድን ቁስ ጠባይ የሚገልጽ አንድ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ትንሽ ሲሆን የናሙናዎቹ ጥንካሬ እጅግ የተራራቀ ነው፤ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ናሙናዎቹ ተቀራራቢ ናቸው ማለት ነው። ቀመሩ ከዚህ አልፎ አንድ አስደናቂ ነገር ያሳያል። ትልቅ ዕቃ ከትንሽ ዕቃ የበለጠ ብዙ እንከን የመያዝ ዕድል ስላለው፣ ከአንድ ዓይነት ቁስ ቢሠራም በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ሊሸከም የሚችለው ኃይል ያንሳል። ለምሳሌ ያህል ያ ቁጥር 10 የሆነበትን ተሰባሪ ቁስ እንውሰድ። ከናሙናው 1,000 ጊዜ የሚበልጥ ይዘት ያለው ዕቃ ጥንካሬው የናሙናውን ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል። እንግዲህ በትንሽ ናሙና የተገኘውን ውጤት እንዳለ ወስዶ ለትልቅ መርከብ ማዋል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጽሑፉ በታተመበት ዓመት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። ጦርነቱም የብረትን ስብራት ጥያቄ ከመጽሐፍ አውጥቶ ባሕር ላይ አዋለው። አሜሪካውያን ሊበርቲ የተባሉ ከ2,700 በላይ የጭነት መርከቦችን በፍጥነት ሠሩ። ሥራው እንዲፈጥን የመርከቦቹን ሰሌዳዎች በሪቬት ምስማር ከመምታት ይልቅ በብየዳ ያያይዟቸው ነበር። ከነዚህ መርከቦች ብዙዎቹ ተሰነጠቁ፤ ጥቂቶቹም ለሁለት ተከፈሉ። ስኬነክታዲ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጥር 16 ቀን 1943 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ፣ ማዕበል በሌለበት ውሃ ላይ እንደቆመች፣ በድንገት ተሰበረች። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትመራመር የነበረችው ኮንስታንስ ቲፐር ነገሩን አጥንታ፣ ጥፋቱ የብየዳው ብቻ እንዳልሆነና ያ ዓይነቱ ብረት ቅዝቃዜ ሲያገኘው ከተለጣጭነት ወደ ተሰባሪነት እንደሚለወጥ አስረዳች። በተበየደ መርከብ ላይ ደግሞ ስንጥቁን የሚያቆመው መገጣጠሚያ ስለሌለ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ያለ ከልካይ ይሮጣል።

ይህ ችግር ሞቃት አገርን የማይመለከት ሊመስል ይችላል። እውነት ነው፤ በጅቡቲ ሙቀት ውስጥ ለመርከብ የሚሠራበት የተለመደው አረብ ብረት በቅዝቃዜ አይከርርም። ነገር ግን በጅቡቲ ወደብ ጭነቱን ያራገፈ መርከብ ከሳምንታት በኋላ በክረምት የሰሜን ባሕር ላይ ሊገኝ ይችላል። በተጨማሪም ብረት የሚሰበረው በብርድ ብቻ አይደለም። የባቡር መንኰራኩር በሐዲድ ላይ፣ ሞገድም በመርከብ አካል ላይ ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስ ትንሿ እንከን ቀስ በቀስ ታድጋለች። ይህም የብረት ዝለት ይባላል። ዌይቡል በኋለኛው ዕድሜው አብዝቶ ያጠናው ይህንኑ ነበር።

በ1940 የሻለቃነት ማዕረግ አገኘ። በ1941 በብረትና በመድፍ ሥራው የታወቀው የቦፎርስ ኩባንያ በንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ለእርሱ የሚሆን ልዩ የምርምር ፕሮፌሰርነት መሠረተለት። በ1947 ደግሞ ሉንድበርግና ፓልምግሬን የተባሉ ስዊድናውያን የእርሱን ንድፈ ሐሳብ ተጠቅመው የኩሽኔታን ዕድሜ የሚተነብይ ስሌት አወጡ። የኩሽኔታ ዕድሜ በአማካይ መነገሩ ቀርቶ፣ ከ100 ኩሽኔታዎች 90ው ሳይበላሹ የሚያልፉት ዕድሜ ተብሎ የሚነገረው በዚህ ዓይነቱ ስሌት ነው። ይህ አነጋገር እውነተኛ ነው። ለገዢው ሁሉም ይበረክታሉ ብሎ ቃል አይገባም፤ 10ሩ ቀድመው ሊበላሹ እንደሚችሉ ግልጽ ያደርግለታልና።

በዚሁ ጊዜ የወጣትነት ሙያው ለሌላ አገልግሎት ዋለ። አልባትሮስ የተባለችው የስዊድን የምርምር መርከብ ከ1947 እስከ 1948 ዓለምን ስትዞር፣ ዌይቡል ፈንጂ በባሕር ውስጥ አፈንድቶ የገደል ማሚቶውን በመለካት በባሕር ወለል ላይ የተከማቸውን ደለል ውፍረት የሚያውቅበትን ዘዴ ይዞ በጥናቱ ተሳተፈ። መርከቧ በ1948 ከህንድ ውቅያኖስ ስትመለስ በጅቡቲና በየመን መካከል ባለው በባብ ኤል መንደብ በኩል አልፋ በቀይ ባሕር ጥልቀት ያልተለመደ ሙቀትና ጨዋማነት ያለው ውሃ መዝግባለች።

ዌይቡል በዓለም ዙሪያ የታወቀበት ጽሑፍ ግን በ1951፣ በ64 ዓመቱ፣ በአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣው ነው። በዚህ ጽሑፍ ቀመሩ ለብዙ ነገሮች እንደሚያገለግል በሰባት ምሳሌዎች አሳየ። ከምሳሌዎቹ ሁለቱ የብረትን ጠባይ የሚመለከቱ ናቸው፤ አንዱ የቦፎርስ ብረት መለጠጥ የሚጀምርበት ኃይል፣ ሌላው የብረት የዝለት ዕድሜ ነበር። የቀሩት ግን አንባቢን ያስደነገጡ ናቸው፤ የህንድ ጥጥ ጭረት ጥንካሬ፣ የከሰል አመድ ብናኝ መጠን፣ የጥቃቅን የባሕር ፍጥረቶች ርዝመት፣ የቦሎቄ ፍሬ ስፋትና የብሪታንያ ጎልማሶች ቁመት ነበሩ። ብረትንና ቦሎቄን በአንድ ቀመር መግለጽ ለብዙዎች ቀልድ መሰላቸው። አንዳንዶች ተጠራጠሩ፤ አንዳንዶችም ጨርሶ አልተቀበሉትም። ዌይቡልም ቀመሩ ሁልጊዜ ትክክል ነው አላለም። ጠቃሚነቱ ሊታወቅ የሚችለው በተግባር ሲፈተን እንደሆነ ያምን ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ለይቶ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ቀመሩን በሒሳብ መልክ ቀድሞ በ1927 ያሳየው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሞሪስ ፍሬሼ ነው። በ1933 ደግሞ ሮሲንና ራምለር የተባሉ ተመራማሪዎች ለተፈጨ ከሰል ብናኝ መጠን ተጠቅመውበታል። ዌይቡል ስሙ ከቀመሩ ጋር የተጣበቀው፣ ከቁሶች ስብራት ጋር አስተሳስሮ ምክንያቱን ስላስረዳና መሐንዲሶች በእጃቸው እንዲሠሩበት ስላደረገ ነው።

በ1953 ከተቋሙ በጡረታ ተሰናበተ። ይሁንና ሥራ አላቆመም። ለአሜሪካ አየር ኃይል የቁሳቁስ ምርምር ክፍል የአውሮፕላን ብረቶችን የዝለት ዕድሜ አጠና። በ1961 ስለ ዝለት ፍተሻና ስለ ውጤቱ አተናተን መጽሐፍ አሳተመ። በ1963 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተጋባዥ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1972 የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ሜዳይ ተሸለመ። በ1978፣ በ91 ዓመቱ፣ የስዊድን ንጉሣዊ የምሕንድስና ሳይንስ አካዳሚ ታላቁን የወርቅ ሜዳይ ሲሰጠው ሜዳዩን በእጃቸው ያስረከቡት ንጉሥ ካርል አሥራ ስድስተኛ ጉስታፍ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1979፣ በፈረንሳይ አገር በአንሲ ከተማ በ92 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላም ሐሳቡ አደገ። በ1983 በረሚን በሚል የጋራ ስም ይጽፉ የነበሩ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የኑክሌር ማብላያን የሚያቅፈው ወፍራም የብረት ጋን የመሰበር ዕድሉን በእርሱ የስታቲስቲክስ ዘዴ አሰሉ። በፊንላንድ ደግሞ የብረት ተሰባሪነት ከቅዝቃዜ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ፣ በዚሁ በደካማው ቀለበት ሐሳብ ላይ የቆመ ስሌት ወጣ። እንደዚህ ያሉት ዕቃዎች ለሙከራ ተብለው ሊሰበሩ አይችሉም፤ አንድ ጊዜ ከተሰበሩ ጥፋቱ የብዙ ትውልድ ነውና። ስለዚህ ከትንንሽ ናሙናዎች ተነሥቶ የትልቁን ዕጣ ማስላት የግድ ነው።

ስሌቱ ወሰን እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ከ1,000 ሐዲዶች ስንቱ ሊሰበሩ እንደሚችሉ ይገምታል እንጂ የትኛው እንደሚሰበር ለይቶ አይናገርም። እርሱን የሚያገኘው ሐዲዱን እየዞረ የሚመረምረው ሠራተኛ ነው። ግምቱም የሚታመነው የተሰበረው ሁሉ በትክክል ከተመዘገበ ብቻ ነው። ጥፋትን ለመሸፈን ሲባል አንድ ስብራት ከመዝገብ ቢቀር ቀመሩ ብረቱን ከእውነተኛው ይልቅ ብርቱ አድርጎ ያሳያል፤ የዚያንም ዋጋ የሚከፍለው በባቡሩ የሚሳፈረው መንገደኛ ነው።

የዋሎዲ ዌይቡል ሕይወት ሁለት ነገር ያስተምራል። በ52 ዓመቱ ዋናውን ሐሳቡን ያሳተመ፣ በ64 ዓመቱ ሲነቀፍ ያልተሸማቀቀ፣ ከጡረታ በኋላም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ትጋት ዕድሜ እንደማይገድበው ያስረዳል። ከዚህም በላይ ድካምን መደበቅ አደጋን ማርባት መሆኑን ያሳያል። ሌሎች መሐንዲሶች የብረትን ብርታት ሲመዝኑ እርሱ ድካሙን ቆጠረ፤ ብዙ ሕይወት ሊተርፍ የቻለውም በዚህ ቆጠራ ነው።